ከማን ጋር ሰማሁት

ማህሙድ አህመድን ስሰማ አባቴ ይመጣብኛል። አስቴር አወቀን ስሰማ አክስቴ። ኃይሉ መርጊያን ስሰማ ደግሞ የደሴና የአዲስ አበባ መንገድ፣ ከነሾፌሩ ከነረዳቱ። የአንድ አልበም ዘፈኖች ቅደም ተከተል ሊጠፋኝ ይችላል፤ መጀመሪያ ስሰማው አጠገቤ ማን እንደነበረ ግን አይጠፋኝም። ስለምወዳቸው አልበሞች ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ድምፅና ስለ ቅንብር እጀምርና ሳላስበው ወሬዬ ወደ ሰዎች ይዞራል። ሙዚቃ እየሰማሁ ከኖርኩት ዕድሜ የያዝኩት ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ የተወለዱ ናቸው።

ዝቅ ብሎ የተከፈተ ሸክላ ጆሮ ያስጠጋል

ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበርና ሰዓት እላፊ አለ። አመሻሽ ላይ ቡና ሊጠጣ ብሎ ጎራ ያለ የአባቴ ጓደኛ ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ እኛው ቤት ነው። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጋቢ ይወጣል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ከዚያ አባቴ የሸክላ ማጫወቻውን ይከፍታል። ድምፁ ከአጥር እንዳያልፍ በጣም ዝቅ ስለሚደረግ ማንም አያወራም። እንግዶቹ ተጠጋግተው፣ አንገታቸውን ወደ ማጫወቻው ሰበር አድርገው ይሰማሉ።

አባቴ ከሁሉ የሚያስቀድመው የማህሙድን «ኧረ መላ መላ»ን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የታተመ ነው። የካይፋ ባለቤት ዓሊ አብደላ ካይፋ ነበር፤ የሙዚቃ ሰው ሁሉ «ዓሊ ታንጎ» እያለ የሚጠራው። ያጀበው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የአንድ ትውልድ ካሴቶችን ያጀበው ቡድን ነው። እኔ ስፒከሩ ሥር ተጋድሜ ነበር የምሰማው፤ የቤዝ ጊታሩ ምት በወለሉ ጣውላ በኩል ጀርባዬ ድረስ ይመጣል። የአይቤክስ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ምቱን ግን ስሙን ከማወቄ ብዙ ዓመት በፊት አውቀዋለሁ።

ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለ የቤልጂግ አሳታሚ አማካኝነት አውሮፓ ገባ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከዚያ በኋላ በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥም 7ኛው ቅጽ ሆኖ ወጣ። ዛሬ በጥሩ ስፒከር፣ ጥርት ብሎ ልሰማው እችላለሁ። እንዲያም ሆኖ ድምፁን አባቴ ያደርገው በነበረው ልክ ዝቅ አድርጌ ስሰማው ነው ሁሉም ነገር የሚገባኝ፤ ሳክስፎኑ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ ማህሙድ ድምፁን የሚያርገበግብባቸው ቦታዎች፣ ከበሮው ከቤዙ ኋላ ጥቂት ዘግየት የሚልበት። ልጆቼንም እንዲሁ አሰማኋቸው። ትልቋ አሁን ሽንኩርት ስትከትፍ የምታንጎራጉረው ይህንኑ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት አልበም የራሴም የሆነው መጀመሪያ ስታንጎራጉረው የሰማሁ ቀን ይመስለኛል።

ግጥም የሌለው አልበም ለሰሚው ቦታ ይተዋል

ዋሊያስ ባንድ «ቸ በለው»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በመሣሪያ ብቻ። ባንዱ ለዓመታት አዲስ አበባ ሂልተን የተጫወተ፣ እንግዳ በማስተናገድ የተፈተነ ነበር። ከአልበሙ ውስጥ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች ደግመው ይጫወቱታል። ለእኛ ግን በሬድዮ ፕሮግራሞች መካከል የሚገባ፣ ቤቱ ውስጥ ሥራ እየተሠራበት የሚሰማ ድምፅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያሶች አሜሪካ ሄዱ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ዋሽንግተን ኖረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ያ ካሴት ነው በአውቶብስ ወደ እኔ የመጣው።

የደሴን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻን፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፤ ከደብረ ሲና ጀምሮ ደግሞ ዳገቱ፣ ጉሙ፣ ብርዱ፣ ከዚያ የጣርማ በር ዋሻ። የዚያ አውቶብስ ሾፌር ቆላውን ሁሉ የሚያስጨፍር ዘፈን ያሰማና የደብረ ሲናን ዳገት ሲይዝ ካሴቱን ይቀይራል። አኮርዲዮኑ ይጀምራል። ተሳፋሪው ዝም ይላል፤ እያንዳንዱ በመስኮቱ በኩል ገደሉን እያየ ወደ ራሱ ነገር ይገባል። የሚለው ቃል ስለሌለ ማንንም ወደ አንድ ጉዳይ አይጠራም።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሄድ እናቴ አብራኝ ነበረች። ከዜማዎቹ አንዱን ከልጅነቷ ታውቀው ኖሮ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ የራሷን ስንኝ እየገጠመች በሹክሹክታ ትከተለው ጀመር። ስለ እኔ መሄድ ነበር የምትገጥመው። ቃሎቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የእሷና የእኔ ናቸው። ዘፋኝ ቢኖርበት ኖሮ ግን እናቴ ያን ዕለት ያን ባልተናገረች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሸኝበት፣ የሚታመምበት፣ ነገር የሚከብድበት ጊዜ ሲመጣ መሣሪያ ብቻ የሆኑ አልበሞችን እመርጣለሁ፤ ለሌላውም እሱኑ እሰጣለሁ።

ኃይሉ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ደንበኛ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ካሴቱ በውጭ አገር ሲጻፍ ጠፍቶ እንደተገኘ ነገር መነሳቱን ግን አልቀበልም። የደሴው ሾፌር ዘንድ አልጠፋም ነበር፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ያስገባዋል።

ሁለተኛው ገጽ

ካሴት ሁለት ገጽ ነበረው። አሳታሚዎቹ ገበያ ያነሳል ያሉትን ዘፈን አንደኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ያደርጉት ነበር፤ ሙዚቃ ቤቶችም በራፋቸው ላይ የሚያስጮኹት ያንኑ ነበር። ያ ዘፈን የሁሉም ነው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ አካባቢ ያለው ግን ካሴቱን ገልብጦ እስከ ዳር ለሚታገሥ ሰው የተቀመጠ ነው፤ ዘፋኙም እዚያ ላይ ዘና ይላል። ዛሬ በስልክ ስሰማም ከመጨረሻው ዘፈን ወደ ኋላ እየሄድኩ የምጀምርበት ጊዜ አለ። ወጣቶች ይህንን እንዲሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

አክስቴና አስቴር

ጂዳ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ደብዳቤ መጻፍ አትወድም። ባዶ ካሴት ገዝታ ድምፅዋን ትቀዳና በእጅ ሰው ትልክልናለች። ካሴቱ ሲደርስ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቴፑ መሀል ይቀመጣል። አክስቴ ሰላምታ ስትሰጥ ማንንም አትዘልም፤ ከአያቴ ጀምራ የግቢው ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል፣ የሞተባቸውን ታጽናናለች፣ ለወለዱት እንኳን ማርያም ማረችሽ ትላለች። ከድምፅዋ ኋላ የአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት አለ፤ ከዚያም ኋላ አስቴር አወቀ።

አስቴር ጎንደር ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ዘፍና፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ የገባች ናት። በ1989 በስሟ የተሰየመው አልበሟ ለንደን ውስጥ ወጣ፤ በ1991 ደግሞ «ካቡ» ተከተለ። እኛ «ካቡ»ን ያወቅነው በአክስቴ ሰላምታ ሥር ነው፤ ዘፈኑ ከፍ ሲል እሷ ዝም ትላለች፣ ዝቅ ሲል ወሬዋን ትቀጥላለች። ሰው አገር የሚኖር ሰው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ይጠቅማል። አክስቴ ደኅና ነኝ እያለች ነበር፤ የትኛው ዘፈን ላይ ድምፅዋ እንደሚያንስ ግን እናቴ ሰምታ ታውቃለች፣ ስኒውን አስቀምጣ ቀና ትላለች።

አክስቴ ከተመለሰች ከዓመታት በኋላ ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን አሰማኋት። የራሷን ድምፅ አላወቀችውም፤ ይህቺ ልጅ ማናት አለች። አስቴር ስትገባ ግን እያንዳንዱን ቃል አብራ ዘፈነች፤ ከዚያ በዚያ ዘፈን ጊዜ አብራት ትኖር ስለነበረች የሐረርጌ ልጅ፣ ስለ ማድ ቤቱ መስኮት፣ ወር በገባ ቁጥር ስለሚላከው ገንዘብ አውርታ አታውቅ የነበረውን ነገረችኝ። ያን ቀን ከእሷ የሰማሁትን በጥያቄ አላገኘውም ነበር። ትልልቅ ሰዎች እንዲነግሩን የምንፈልገው ታሪክ ካለ፣ በዚያ ዘመን ይሰሙት የነበረውን አልበም ከፍቶ አብሮ መቀመጥ ጥሩ መንገድ ነው።

የጾም ወራት ስላስተማረኝ

ሁዳዴ ሲገባ አያቴ ቤት ዘፈን አይከፈትም። የሚሰማው በገና ነው። ዐሥር አውታሮቹ ዝግ ብለው የሚንዘረዘሩት የበገና ድምፅ እስከ ፋሲካ ቤቱን ይይዘዋል፤ በዚህ መሣሪያ ትልቅ ስም ያላቸው ዓለሙ አጋ የደረደሩት ቅጂ ኋላ ላይ «ኢትዮፒክስ» 11ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ በወደቁባቸው ዓመታት ከእኛ በገና፣ ከእነሱ መንዙማ ይሰማል። አንዱ ቤት ሲከፍት ሌላው ይቀንሳል። ማንም ያልተነጋገረበት፣ ሁሉም የሚጠብቀው ሥርዓት ነበር። ወሎ ያደገ ሰው ይህን እንግዳ ነገር አያደርገውም።

ለብዙ ሳምንት ዘፈን ሳይሰማ የቆየ ጆሮ ፋሲካ ላይ የሚሰማው የመጀመሪያው ዘፈን ሌላ ነው። በቤታችን ያ ዘፈን የጥላሁን ገሠሠ ነበር፤ ዶሮው ከወጣ በኋላ፣ አባቴ ራሱ የሚመርጠው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ያረፈው በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ወሬውን ስንሰማ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አባቴ ያዘጋጀውን አልከፈተም፤ ማንም ክፈት አላለውም። ሥርዓተ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ፤ አዲስ አበባ ያን ዕለት የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ድምፃዊ ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ጥላሁንን ደግመን የሰማነው በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም አንዳንድ አልበሞችን ጊዜ ሰጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ሁልጊዜ እጅ ላይ ያለ ነገር ቀኑን ይረሳል።

ከሽፋኑ ውስጥ ያሉ ስሞች

የካሴት ሽፋን ወረቀት ሲዘረጋ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ ስም ይዘረዝር ነበር። ወንድሜ ያንን ወረቀት አንብቦ ነው ካሴት የሚገዛው፤ ዘፋኙን ባያውቀውም አቀናባሪውን ካወቀ ይበቃዋል። በእሱ ዓይን ኤልያስ መልካን አየሁት። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ስወደው፣ ኋላም የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ስወደው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ እጅ እንዳለ የነገረኝ ወንድሜ ነው። ቤዙን ስማ፣ ከበሮው የተወውን ቦታ ስማ ይለኛል፤ የሬጌው ምት ከኢትዮጵያዊው ዜማ ጋር ሳይጣላ የሚሄደው አቀናባሪው ስለሚያውቅበት እንደሆነ እያሳየ።

እዮብ በነሐሴ 2005 ዓ.ም.፣ ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው። በእዮብ ሞት ከተማው በሙሉ አለቀሰ። ኤልያስ ሲሞት ግን ስንቱን ዘፈን እሱ እንደሠራው ያወቀው ብዙ ሰው ያኔ ነው፤ ይህ አሁንም ያሳዝነኛል። ዛሬ በስልክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስምና ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው። የጊታሩን፣ የሳክስፎኑን፣ የግጥሙን ባለቤት ፈልጎ ማወቅ የሰሚ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም ለልጆቼ ዘፈን ስልክ ስሞቹን አብሬ እጽፋለሁ።

በድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው ጉዳይ ግን ከወንድሜ ጋር አልተስማማንም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቢል ላስዌል ያዘጋጀው፣ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሰዎች የገቡበት አልበሟ ሲደርሰን እሱ የበዛበት መሰለው። እኔ ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ እሱ ግራውን እኔ ቀኙን ይዘን ሰማነው። ጓደኛዬ ከቻግኒ ብዙም ከማይርቅ መንደር ነው፤ ስለ ዓባይ የዘፈነችው ሲመጣ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሁለቱንም ለእኔ ሰጠኝ። ከወንድሜ ጋር ዛሬም እንከራከራለን።

ፒያኖው

እናቴ በታመመችበት ክረምት ዘፈን መስማት አልቻለችም፤ ሬድዮም ይረብሻታል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ብቻ ነው የፈቀደችው። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያሳተሙ፣ ከሥራቸው የሚገኘውን ለችግረኞች የሰጡ፣ ዕድሜያቸውን ኢየሩሳሌም በሚገኘው ገዳም የጨረሱ መነኩሴ ናቸው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሲወጣ ነው በስፋት የተሰማው። ጣቶቻቸው ቁልፎቹን ሲነኩ የቅዳሴና የምዕራባውያን ክላሲክ ትምህርታቸው አብረው ይሰማሉ፤ ምቱ አንዳንዴ ቆም ብሎ፣ አስቦ ነው የሚቀጥለው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ እኔ እግሯን እያሻሸሁ። ይህን አልበም ለሌላ ነገር አልከፍተውም።

ካሴት ላላችሁ

በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉ ካሴቶች ጊዜያቸው እያለቀ ነው። ክሩ ለብዙ ዓመት ሳይጠነጠን ከቆየ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከማጫወት በፊት እስከ መጨረሻ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ማጠንጠን ይበጃል። ከስፒከር ራቅ ይደረግ፤ ማግኔቱ ቅጂውን ያደበዝዘዋል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና እርጥበት ካለው ግድግዳም ይራቅ፤ አጋድሞ ከመከመር ማቆም ይሻላል። ከክሩ ሥር ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል፤ ከማይፈለግ ካሴት አውጥቶ መተካት ይቻላል። ክሩ ቢበጠስም መጣል የለበትም፣ በስሱ ተለጥፎ ይሰማል። ከዚያ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ነው፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ድምፅ የተቀዳባቸውን፣ ምክንያቱም ማህሙድም አስቴርም ሌላ ቤት ይገኛሉ፣ የአክስቴ ሰላምታ ግን አይገኝም።

ስትቀዱ ከዘፋኙ ስም ጋር የካሴቱን ባለቤት፣ የተገዛበትን ከተማ፣ ከተቻለም ዓመቱን ጻፉበት። እናቴ እያንዳንዱ ሽፋን ላይ ማን እንዳመጣላት በቢክ እስክሪብቶ ትጽፍ ነበር፤ አንዱ ላይ ከባቲ፣ ሌላው ላይ ከአሰብ የመጣ ይላል። በእነዚያ ጽሑፎች ተመርቼ ኮምቦልቻ የምትኖር፣ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ያልተገናኘናት ዘመድ አግኝቻለሁ። እሷም አንድ ካርቶን ካሴት አላት፤ ግማሹ ሠርግ ላይ የተቀዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እየቀዳን ነው፤ እሷ ድምፆቹን እያወቀች ስም ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ።